የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ የእግር ጉብኝት

የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ የእግር ጉብኝት ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ተከትሎ ወደ ለገሃር የሚወርድ፣ ከዚያም በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ አፍሪካ አዳራሽ የሚዘልቅ የጉብኝት መስመር ነው። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀስታ እየቆሙ ሲጓዙት ግማሽ ቀን ይወስዳል። በመስመሩ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ሕንፃዎች የተሠሩት በአብዛኛው ከ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል እስከ 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) አብዮት ባሉት ሃያ የማይሞሉ ዓመታት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የአንድ አገር ርዕሰ ከተማ ከመሆን አልፋ የአፍሪካ መዲና የተባለችው በእነዚሁ ዓመታት ስለሆነ፣ መስመሩ የሕንፃ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ታሪክም ማሳያ ነው።

ሕንፃዎቹ እንደ አክሱም ሐውልቶች ወይም እንደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ጥንታዊ አይደሉም። ብዙዎቹ ዛሬም ቢሮ፣ ባንክ፣ ቴአትር ቤትና መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነው ያገለግላሉ። በዚህም ምክንያት የከተማው ነዋሪ በየቀኑ እየገባባቸውና እየወጣባቸው በቅርስነት አያያቸውም። ከተማዋ በፍጥነት እየፈረሰች በምትገነባበት በአሁኑ ወቅት ደግሞ ይህ አለመታየት ለህልውናቸው አስጊ ሆኗል።

ዳራ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886) ስትቆረቆር በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱ ሰፈሮችና በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተበታተነች የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው ግንበኞችና አናጢዎች ጋር ሆነው በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ሰገነት ያላቸውን ቤቶች አቆሙ። የእነዚህ ቤቶች ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ ነበር። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ሲሚንቶና መስታወት በብዛት ማስገባት ቀለለ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተማዋን እንደ አዲስ የሚያዋቅሩ ፕላኖች ተነደፉ። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬም እ.ኤ.አ. በ1936 የራሱን ንድፍ አቅርቦ ነበር። ወረራው አጭር ስለነበር ከእቅዶቹ ብዙው አልተፈጸመም። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ቀጥሎም ሌሎች የውጭ ባለሙያዎች ፕላን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማሪየን የተነደፈው ፕላን ማዘጋጃ ቤቱንና የባቡር ጣቢያውን የሚያገናኘውን ቸርችል ጎዳና የከተማዋ ዋና መስመር አድርጎ አጎላው።

የግንባታውን ፍጥነት የጨመሩት ሁለት ክስተቶች ናቸው። የመጀመሪያው አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. መከበሩ ነው። ለበዓሉ ቤተ መንግሥት፣ ቴአትር ቤትና ሐውልቶች ተሠርተዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን መወሰኑ ነው። አዲስ ነጻ የወጡ አገሮች መሪዎችና ዲፕሎማቶች ወደ ከተማዋ መምጣት ሲጀምሩ መንግሥት ለእንግዶቹ የሚመጥን አዳራሽ፣ ሆቴል፣ ፖስታ ቤትና ባንክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማቅረብ ነበረበት።

መስመሩ

ጉብኝቱ ከላይ ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት አለው። ማዘጋጃ ቤቱ ፒያሳ አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ የተነሳ ሰው መላውን ጎዳና ከፊቱ ተዘርግቶ ያየዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ለከፍታው ላልለመደ ሰውም ቁልቁለቱ ይሻላል።

ማዘጋጃ ቤት

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. (በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ) የተሠራ ሲሆን ንድፉ የጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው። መዘዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 በጣሊያን ተወልዶ በ1940 በወጣትነቱ አሥመራ የገባ፣ የሙያ ሕይወቱን አብዛኛውን ክፍል በኤርትራና በኢትዮጵያ ያሳለፈ ሰው ነው። ሕንፃው ወደ ጎን የተዘረጋ ሰፊ አካልና ከመሃሉ ከፍ ብሎ የሚታይ የሰዓት ማማ አለው። ከፊቱ ያለው ሰፊ ግቢ ሕንፃው ከሩቅ እንዲታይ ያደርጋል። በውስጡ ከአስተዳደር ቢሮዎች ሌላ የቴአትርና ባህል አዳራሽ ስለሚገኝ፣ ለብዙ የከተማው ነዋሪ ማዘጋጃ ማለት ለጉዳይ የሚኬድበት ብቻ ሳይሆን ቴአትር የታየበትም ቤት ነው። በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል።

በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የፕላኑን ሐሳብ ይረዳል። ከላይ የከተማው አስተዳደር፣ ከታች ወደ ባሕር የሚወስደው የባቡር ጣቢያ፣ በመካከላቸው ደግሞ የአንድ ዘመናዊ መንግሥት ተቋማት ተሰልፈዋል።

ቸርችል ጎዳና

ጎዳናው የተሰየመው በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት ቴዎድሮስ አደባባይ ይገኛል። ከዚያ ቁልቁል በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 1947) የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም መጀመሪያ በልዑል መኮንን የሐረር መስፍን መታሰቢያነት የተሰየመው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይታያሉ።

ከሆስፒታሉ ትይዩ ያለው የትግላችን ሐውልት ከመስመሩ ሕንፃዎች በዘመን ይለያል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀ ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮችን ያስታውሳል። ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ይህ ረጅም ዓምድና ግራና ቀኝ ያሉት የቅርጻ ቅርጽ ግድግዳዎች የደርግ መንግሥት ጎዳናውን ለራሱ ታሪክ መንገሪያ እንዴት እንደተጠቀመበት ያሳያሉ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመናዊነቱን በባንክና በፖስታ ቤት ሲገልጽ፣ ተከታዩ መንግሥት በዚያው መስመር ላይ በሐውልት ተናግሯል።

ዋና ፖስታ ቤት

ቁልቁለቱ ረገብ በሚልበት አካባቢ የሚገኘው የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ሕንፃ የተነደፈው ከዩጎዝላቪያ፣ ሳራዬቮ በመጡት ኢቫን ስትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች ነው። ኢትዮጵያና ዩጎዝላቪያ በዚያን ጊዜ ከየትኛውም ኃያል መንግሥት ጎራ ባልወገኑ አገሮች ንቅናቄ ውስጥ አባል ስለነበሩ ግንኙነታቸው ጠንካራ ነበር። አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ወደ አዲስ አበባ ከመጡባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ወዳጅነት ነው። በሕንፃው ላይ አርማታው ሳይሸፈን እንደ ጌጥ ሆኖ መቅረቡ የዘመኑን የግንባታ ስልት ያንጸባርቃል።

ብሔራዊ ቴአትርና የድንጋዩ አንበሳ

ብሔራዊ ቴአትር በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ እንዲሆን ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ሕንፃ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ለኢዮቤልዩ በዓሉ አስፋፍቶና ለውጦ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። የወራሪ ጅምር የአገሬው ቋንቋ የቴአትር መድረክ መሆኑ በራሱ የጉብኝቱ አንድ ትምህርት ነው። የቆመውን ከማፍረስ ይልቅ ትርጉሙን መለወጥ እንደሚቻል ያሳያል።

ከቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ትልቅ የድንጋይ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። እርሱም ለዚሁ ኢዮቤልዩ የተሠራ ሲሆን፣ የአንበሳው አካል በቀጥታ መስመሮችና በጠፍጣፋ ገጾች ተቀንሶ የቀረበ ነው። ጋማው እንኳ የተቆጠረ ፀጉር ሳይሆን እንደ ግንብ የተደራረበ ድንጋይ ይመስላል። ይህን አንበሳ በአእምሮ ይዞ ለገሃር መድረስ ይጠቅማል፤ እዚያ ሌላ አንበሳ ይጠብቃልና።

ባንኮቹ

እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ ሕግ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተመሠረቱ። ለአዲሶቹ ተቋማት ሕንፃ የነደፈው ሾሜት ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ዓይን የሚስበው ጉልላት የተደፋበት የንግድ ባንኩ ክብ ሕንፃ ነው። ክብ ዕቅዱ ደንበኛው ከበር እንደገባ አዳራሹን በሙሉ በአንድ እይታ እንዲያየው ያስችላል። ክብ ቤት በኢትዮጵያ ገጠር ከጎጆ እስከ ቤተ ክርስቲያን የተለመደ ቅርጽ ስለሆነ፣ ብዙ ተመልካቾች ሕንፃውን ከዚያ ልማድ ጋር ያያይዙታል።

ከዚህ ቦታ ቀና ብሎ ማየት የአሁኑን ዘመን ከትናንቱ ጋር ያነጻጽራል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንኩ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመስታወት ማማ ሲሆን፣ የነደፈው የጀርመን የአርክቴክቸር ድርጅት፣ የገነባው ደግሞ የቻይና ተቋራጭ ነው። አሮጌው ባንክ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሰውን ወደ ውስጥ ይጋብዛል፤ አዲሱ ወደ ላይ ተነስቶ ከከተማው ዳርቻ ሳይቀር ይታያል። ሁለቱም የተሠሩት አገሪቱ ራሷን ለዓለም ልታሳይ በፈለገችበት ጊዜ ነው፤ የተለወጠው የማሳያው መንገድ ነው።

ለገሃር

ለገሃር የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው። የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929) የተመረቀ ሲሆን በመስመሩ ላይ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ሚዛኑን የጠበቀው የፊት ገጽታውና ጌጦቹ የአውሮፓን የቀድሞ ስልት ስለሚከተሉ፣ ጎብኚው ዘመናዊዎቹ ሕንፃዎች ምን እንደተዉና ምን እንዳስቀሩ ለማነጻጸር ይረዱታል።

በጣቢያው ፊት ያለው በወርቅ ቀለም የተለበጠው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ ጆርጅ ጋርዴ ሥራ ሲሆን በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል የቆመ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ከቆየ በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሷል። የዚህ አንበሳ ጡንቻና ጋማ እንደ ሕያው እንስሳ ተቀርጿል። ሁለቱን አንበሶች የሚለያቸው 25 ዓመት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ መንግሥቱ ራሱን የሚገልጽበት ቋንቋ ከተለመደው የአውሮፓ ጌጥ ወደ ዘመናዊ ቅርጽ መሸጋገሩን ጎን ለጎን ያሳያሉ።

የጅቡቲው አሮጌ የባቡር መስመር ሥራ ካቆመ በኋላና እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ዳር ካለ ጣቢያ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ለገሃር ባቡር የማይመጣበት የባቡር ጣቢያ ሆኗል። በዙሪያው ሰፊ የመልሶ ማልማት ሥራ እየተካሄደ ነው።

ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ

ከለገሃር ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ ያልፋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ያነሳችው በዚህ ሜዳ ነው። ቀጥሎ ያለው መስቀል አደባባይ በየዓመቱ የደመራ በዓል የሚከበርበት ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ለሰልፍ እንዲያመች በግማሽ ክብ የተደረደሩ ደረጃዎች ተሠርተውለታል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተጨምሮለት ታድሶ ተከፍቷል። አደባባዩ ከሕንፃ ይልቅ ባዶ ቦታ ቢሆንም፣ ባዶ ቦታም ታቅዶ የሚሠራ የሥነ ሕንፃ አካል መሆኑን ለተማሪዎች ለማስረዳት አመቺ ነው።

አፍሪካ አዳራሽ

የጉብኝቱ መጨረሻ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ትይዩ የሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን ለመዘዲሚ ትእዛዝ ሰጥተው፣ ሕንፃው በ18 ወር ያህል ጊዜ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የካቲት 1961) ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1963) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚሁ ቤት ተፈረመ። ለብዙ አፍሪካውያን አዲስ አበባ ማለት በመጀመሪያ ይህ አዳራሽ ነው።

በመግቢያው አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። በሦስት ክፍል ተከፍሎ የአፍሪካን የመከራ ዘመን፣ የነጻነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ብርሃን ከውጭ ሲገባ ቀለሙ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሳይሆን የሕንፃው አንድ ግድግዳ ነው። በጣሊያናዊ አርክቴክት የተነደፈው ቤት መልእክቱን የሚናገረው በኢትዮጵያዊ ሠዓሊ እጅ ነው።

አዳራሹ ለዓመታት ከቆየ የእድሳት ሥራ በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) እንደገና ተከፍቷል። እድሳቱ አስተማሪ የሚሆነው ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ፍላጎቶችን በማስታረቁ ነው። ሕንፃው በዛሬ ደረጃ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋምና ለዘመናዊ ስብሰባ እንዲመች ተደርጓል፤ በዚያው መጠን የመጀመሪያው መልኩ፣ ቀለሙና የዕቃው ዓይነት እንዲጠበቅ ተጥሯል። የመስታወት ሥዕሉም የእድሳቱ አካል ነበር።

ጊዜ ያለው ጎብኚ ከዚህ ተነስቶ በአቅራቢያው ያሉ ሌሎች ሕንፃዎችን መጨመር ይችላል። የፍልውሃ መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃዎች የእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭና የኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ የጋራ ቢሮ ሥራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን ሆቴል የአሜሪካዊው ዊልያም ታብለር ንድፍ ሲሆን፣ የፍል ውሃው መዋኛ ገንዳ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ይከተላል።

ሕንፃዎቹን እንዴት ማየት ይቻላል

የዚህ ዓይነት ጉብኝት ጥቅም የሚገኘው የሕንፃ ስምና ዓመት በመሸምደድ ብቻ አይደለም። ጥሩ አስጎብኚ በእያንዳንዱ ቦታ ጎብኚው ራሱ አይቶ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ያነሳል። አራቱ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ፀሐይን እንዴት ይከላከላል? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ልክ አናት ላይ ትውላለች። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ጥላ በሁለቱም ወገን ያስፈልጋል፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ጨረር ደግሞ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶችን ያስቸግራል። የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አርክቴክቶች መስኮቱን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው፣ ከፊቱ የአርማታ ክንፎች ወይም ቀዳዳ ያለው ግድግዳ በማቆም መልስ ሰጥተዋል። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥላና ንፋስ ከተገኙ ማቀዝቀዣ መሣሪያ አያስፈልግም። ብዙዎቹ የአሁን የመስታወት ማማዎች ግን ይህን ጥላ ትተውታል።

ክብደቱን የተሸከመው ምንድን ነው? በቀድሞው የድንጋይ ቤት ክብደቱን የሚሸከመው ግድግዳው ስለሆነ መስኮቱ ጠባብ ነው። በአርማታ ሕንፃ ግን ሸክሙ በዓምድና በወራጅ ላይ ስለሚያርፍ ግድግዳው ነጻ ይወጣል፤ ሰፊ መስኮትና ክፍት አዳራሽ የሚቻለው ለዚህ ነው። የለገሃርን ጣቢያ ከአፍሪካ አዳራሽ ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ያየዋል።

ከመንገዱ ጋር እንዴት ይገናኛል? አንዳንዱ ሕንፃ በደረጃና በበረንዳ እግረኛውን ይቀበላል። ሌላው በአጥር ተከቦ ከሩቅ ብቻ ይታያል። ዛሬ የሚታየው አጥር በመጀመሪያው ንድፍ የነበረ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ የሚለው ጥያቄ የከተማዋን የጸጥታና የፖለቲካ ታሪክ ይጠቁማል።

ማን ሠራው? ንድፉ ላይ የሚጻፈው ስም የአርክቴክቱ ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ብረቱን ያሰረውና አርማታውን ያፈሰሰው ግን በአብዛኛው ስሙ ያልተጻፈ የአገር ውስጥ ሠራተኛ ነው።

የውጭ እጅና የአገር ውስጥ ትርጉም

በመስመሩ ላይ ያሉት ሕንፃዎች ነዳፊዎች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ያስነሳል። በጊዜው በሙያው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣም ጥቂት ነበሩ። የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም መሠረት እርሱ ነው። ስለዚህ ሕንፃዎቹ ሲሠሩ የአገር ውስጥ ሙያ ገና እየተወለደ ነበር።

ሆኖም አሠሪው መንግሥት ነዳፊዎቹን የመረጠበት መንገድ የራሱ ትርጉም ነበረው። ጣሊያናዊ፣ ፈረንሳዊ፣ ዩጎዝላቭ፣ እስራኤላዊና አሜሪካዊ በአንድ ጎዳና ዙሪያ መሥራታቸው አገሪቱ ከአንድ ወገን ጋር ብቻ እንዳልተጣበቀች ያሳያል። በአሥመራ ያሉት የ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘመናዊ ሕንፃዎች በቅኝ ገዢ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የአዲስ አበባዎቹ ግን አንድ ነጻ የአፍሪካ መንግሥት በራሱ ፍላጎት አሠርቷቸዋል። አሥመራ በዘመናዊ ሕንፃዎቿ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። የአዲስ አበባው ዘመናዊ ስብስብ ግን በዚህ መልክ አልተመዘገበም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ይህ ዘመን ተዘጋ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ተወረሰ፣ የግል አሠሪና የውጭ አርክቴክት ቢሮዎች ተዳከሙ፣ ዋናው አሠሪም መንግሥት ብቻ ሆነ።

ጥበቃና ስጋት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንድን ነገር ቅርስ የሚያሰኘው ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋው መሆኑን ይገልጻል። በዚህ ሚዛን የአፍሪካ አንድነት ቻርተር የተፈረመበት አዳራሽ ወይም ብሔራዊ ቴአትር ቦታ አያጣም። በተግባር ግን ቅርስ የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ጥንታዊነትን ስለሚያስታውስ የስድሳ ዓመት ዕድሜ ያለው የአርማታ ሕንፃ አሮጌ እንጂ ታሪካዊ ተብሎ አይታይም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ከጉብኝቱ መነሻ አጠገብ ያለው የፒያሳ አካባቢ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። የሥራው ደጋፊዎች የተጎሳቆሉ ቤቶች በሰፊ መንገድ፣ በእግረኛ መሄጃና በአረንጓዴ ቦታ መተካታቸውን ያነሳሉ። ተቺዎች ደግሞ የነዋሪዎች መፈናቀልና የከተማዋ የቀድሞ መልክ መጥፋት ያሳስባቸዋል። በቸርችል ጎዳና ያሉት ትልልቅ የመንግሥት ሕንፃዎች ከመፍረስ ይልቅ ሌላ ዓይነት ስጋት አለባቸው። የሚያሰጋቸው የፀሐይ መከላከያው ተነስቶ በመስታወት መሸፈኑ፣ የድንጋዩ ግድግዳ ቀለም መቀባቱ፣ የመጀመሪያው በርና የወለል ንጣፍ መለወጡ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ትንሽ ቢሆንም ሲደማመር ሕንፃው ቆሞ ሳለ መልኩ ይጠፋል።

የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት አማራጭ መኖሩን አሳይቷል። እንዲህ ያለ እድሳት ግን ገንዘብ፣ የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ተጠብቀው መገኘትና ጊዜ ይጠይቃል። ንድፎቹ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍልና በአርክቴክቶቹ ቤተሰቦች እጅ የተበታተኑ በመሆናቸው፣ ሕንፃዎቹን መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ ለተማሪዎች ክፍት የሆነ ሥራ ነው። በእግር የሚደረግ ጉብኝትም የዚሁ ምዝገባ የመጀመሪያ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሕንፃ ሲለወጥ የሚያስተውለው ከለውጡ በፊት በደንብ ያየው ሰው ነውና።

ለጎብኚዎች

ለጉብኝቱ የሚመረጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በክረምት ወራት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ ጠዋት መነሳት ይሻላል። እሑድ ማለዳ የመኪና ብዛት ስለሚቀንስ ሕንፃዎቹን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለማየት ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ባንኮቹና ፖስታ ቤቱ ዝግ ስለሚሆኑ የውስጥ አዳራሾቻቸውን ማየት የሚፈልግ በሥራ ቀን መሄድ አለበት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ የባንኮችንና በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያሉ ሕንፃዎችን ፎቶ ከማንሳት በፊት ጥበቃዎችን መጠየቅ ይገባል። አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝና መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ማሳየት ያስፈልጋል። የመስታወት ሥዕሉ ሙሉ ቀለሙ የሚታየው ውጭው ብሩህ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።